የክሎሪኑ ክፍልና የእኔ አፍንጫ

ሰኞ፣ የካቲት 9

አልተናገርኩም። 

የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ሊያዘጋጅልን አንድ የክልል ባለሙያ ውኃ ማጣሪያችን ድረስ መጥቶ ነበር። ስለ ክሎሪን ጋዝ ሦስት መስመር ያለው ሠንጠረዥ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። አንደኛው፦ ዓይንና ጉሮሮ ይቆጠቁጣል፣ ሲወጡ ይለቃል። ሁለተኛው፦ ጉዳቱ አብሮ ይኖራል፣ ወይም ሮጦ ማምለጥ ያቅታል። ሦስተኛው፦ ሞት። ለየመስመሩ የጋዙ ልክ ተጽፏል፤ ለአሥር ደቂቃ፣ ለግማሽ ሰዓት፣ እያለ እስከ ስምንት ሰዓት። ብዙ ከቆዩበት ትንሹም ይጎዳል ማለት ነው።

«የጋዝ መለኪያው እስኪገዛ ድረስ፣ ሲያፈተልክ ቀድሞ የሚያውቀው ማነው?» አለ ባለሙያው።

የፈረቃ ባልደረባዬ ታደለች ሳቀች። «ጋሽ ዳና አሉ አይደል! በዴሳ ከተማ የተቁላላ ሽንኩርት እዚህ ሶዶ ሆነው ይሸታቸዋል።»

ሁሉም ሳቀ። ስሜ ዕቅዱ ላይ ተጻፈ።

አፍንጫዬ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። በዚያ ክፉ ጉንፋን ሄደ፤ በወሩ ሚስቴ፣ ማርታዬ፣ ሄደች። መጀመሪያ ከጉንፋኑ ነው፣ ኋላም ከሐዘኑ ነው፣ ይመለሳል እያልኩ ለማንም ሳልናገር ቀረሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ቤት ውስጥ ሞከርኩ። የዳጣ በርበሬ፦ ምንም። በረኪና፦ ምንም። ናፍጣ፦ ምንም። የማርታን ነጠላ ከሳጥን አወጣሁና ሳላሸት መለስኩት። ፈራሁ።

ከማጣሪያው በታች መዋዕለ ሕፃናት አለ። ባለሙያው ካርታው ላይ ወደዚያ ቀስት ስሏል። ክሎሪን ከአየር ስለሚከብድ መሬት ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። ለመሬት የሚቀርበው የማን አፍንጫ ነው? የልጆች።

ጸለይኩ። ግን ጸሎቴ «እንዳያፈተልክ ጠብቀን» ነው እንጂ «እንድናገር አድርገኝ» አይደለም። ጌታ ይህን ሳያይ ይቀራል?

ሐሙስ፣ የካቲት 12



ጠዋት ሲሊንደር ከተቀየረ በኋላ ክሎሪን ክፍል ውስጥ ቆሜ መዝገብ ስሞላ ዓይኔ ቆጠቆጠኝ። የየካቲት አቧራ መሰለኝ። ታደለች በሩ ላይ ስትደርስ አፍንጫዋን ይዛ ጮኸች። «ጋሼ ውጡ! ውጡ እንጂ!» ጭንብል አጥልቃ ገብታ ቫልቩን ዘጋች። ትንሽ ነበር፣ ከግቢ አላለፈም።

«አልሸተተዎትም?»

«ጉንፋን ይዞኛል።»

ዋሸሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ልጄ ልትሆን የምትችለውን ሴት።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሙ ደረቴን አዳምጦ «ደህና ነዎት» አለኝ። «ስንት ደቂቃ ቆዩበት?» ብሎም ጠየቀኝ። ግድግዳው ላይ ያለው ሠንጠረዥ ያለ ደቂቃ መልስ የለውም። እኔ መቼ እንደጀመረ እንኳ አላውቅም።

ዓርብ፣ የካቲት 13

ተናገርኩ። ኃላፊያችን ቢሮ፣ ታደለች ባለችበት። ሳልጋበዝ ተቀመጥኩ።

ኃላፊው ብዕሩን አስቀመጠ። «ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አቶ ዳና? ደግሞ የቸርች ሽማግሌ ነዎት!»

ይሄ ከጋዙ ይልቅ አቃጠለኝ።

ታደለች «እኛስ?» አለች። «ያ በሥልጠና የነገሩን አሞኒያ የት ነው?» ቁም ሳጥኑን ከፈትን። ጠርሙሱ ደርቋል። ድሮ በየማለዳው አሞኒያ የነካ ጨርቅ ወደ ቧንቧው መገጣጠሚያ እናስጠጋ ነበር፤ የሚያፈተልክ ካለ ነጭ ጭስ ይታያል። የእኔ አፍንጫ ሲወራለት ያ ተረሳ። እኔም ሲወራ ደስ ይለኝ ነበር። ሐዘን ብዬ የደበቅኩት ነገር ግማሹ ኩራት ነው።

ስሜ ተሰረዘ። የእኔን ጉዳይ ሰኞ ይወስናሉ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

አሞኒያ ተገኘ። ታደለች ጠርሙሱን እያቀበለችኝ «ለዚህ ዓይን ይበቃል፣ ጋሼ። ዓይኔም ጠፍቷል እንዳይሉኝ ብቻ!» አለች። ሳቅኩ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። ከሐሙስ ወዲህ እንዲህ ያደርገኛል።

ጭንብል አጥልቀን ገባን። ቫልቩ፣ መገጣጠሚያው፣ ቧንቧው። ጭስ የለም። ከዚያ ተንበርክኬ፣ በአምስት ዓመት ልጅ ቁመት፣ ከወለሉ አጠገብ ደገምኩት። የለም።

መለኪያው አልመጣም። ነፋሱ ዛሬም ቁልቁል ነው። ልጆቹ ሰኞ ይመለሳሉ፤ እኔ እዚህ እኖር እንደሆን ግን አላውቅም።

ስለዚህ ጨርቁ እንዴት እንደሚያዝ ለታደለች አሳየኋት።

«ገባኝ እኮ፣ ጋሼ።»

«አንዴ ልድገምልሽ» አልኳት። ሦስት ጊዜ ደገምኩላት።