እንደ ኦስማር ተነሱ

ለልጄ ለአርሌን፣

እንዴት ከረምሽልኝ? የሳን ሆሴ ብርድና የሰው ቤት ሥራ እንዴት አድርጎሻል? እኛ እዚህ አገር ቤት፣ ሌዮን፣ ድንግል ትመስገን፣ አለን።

ልጅሽን ኦስማርን ቅዳሜ ቅዳሜ መምህርት ኑቢያ ዘንድ ጭፈራና የዘፈን ቲያትር አስገብቼዋለሁ። ልጆቹ የበቆሎ ዘር ሆነው መሬት ላይ ይተኛሉ፤ የማሪምባው እንጨት በዱላ ሲመታና ዜማው ሲጀምር ይነሳሉ። መጀመሪያ ቀን ሌሎቹ እንደ አንበጣ ብድግ ሲሉ፣ ኦስማር መዳፉን መሬት ላይ ተክሎ፣ ከዚያ ጉልበቱን፣ ከዚያ ጭኑን እየያዘ በራሱ ገላ ላይ ተንጠላጥሎ ቆመ።

አንዷ ልጅ "እዩት ሽማግሌውን!" ብላ ሳቀች።

መምህርቷ ግን "ዝም በይ! በቆሎ ዘሎ ይበቅላል እንዴ? ሁላችሁም እንደ ኦስማር ተነሱ!" አለች።

በትርኢቱ ቀን አስራ ሁለቱም ልጆች እንደሱ ተነሱ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ?

"አያቴ፣ እኔ እኮ ነኝ ያስተማርኳቸው!" አለኝ ኦስማር።

"አንተንስ ማን አስተማረህ?"

"ማንም። እንደዚያ ካላደረግኩ አልነሳም።"

ወንድምሽ ዊልፍሬዶ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በስድስት ዓመቱ እንዲሁ ነበር የሚነሳው። አንቺ ገና ሕፃን ነበርሽ፤ የምታውቂው ከአልጋ መነሳት ካቃተው በኋላ ነው። እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው።

ሐሙስ ሐኪም ቤት እንሄዳለን፤ ለክትባት ነው፣ አታስቢ።

"ለገና የምመጣው ለከርሞ ነው" ብለሽኝ ነበር። ዘንድሮ ነይ፣ ልጄ። ዘንድሮ ቆሞ ይጨፍርልሻል።

ፈጣሪ በያለሽበት ይጠብቅሽ።

ናፋቂሽ እናትሽ ኤርሚንያ