የሐሙስ ተራ

ውድ የእህቴ ልጅ፣ ምሁሩ፤

ከሰላምታው በፊት አቤቱታ አለኝ። ይሄን የኮሌጃችሁን ወንበር የሠራው ሰው ራሱ ተቀምጦ አያውቅም። ጎኑ ላይ ያለችው የመጻፊያ ጠረጴዛ ሆዴን ትወጋኛለች፤ እግሩ ደግሞ በተነቃነቅኩ ቁጥር ሲጢጥ ይላል። ሲጢጥ ሲል መምህርቷ ዞር ብላ «አቤት ጋሼ፣ ጥያቄ አለዎት?» ትለኛለች። የለኝም ማለት ነውር መስሎ ስለሚታየኝ አንድ ነገር ፈልጌ እጠይቃለሁ። ባለፈው «በግብና በዓላማ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?» አልኳት። ግማሽ ሰዓት አስረዳችን፤ ስትጨርስ ቀድሞ የገባቸውም ጠፋባቸው። የማሽን ዘይት ይዤ ሄጄ ላለስልሰው አስቤ ነበር፣ ተውኩት። ወንበሩ ያንተ ነው።

አዎ፣ በትክክል አንብበሃል። ፊደል ከመቁጠር በቀር ትምህርት ቤትን በአጥሩ በኩል ብቻ የማውቀው፣ የሰው የስፌት መኪና ስፈታና ስገጥም ያረጀሁት አጎትህ፣ በሳምንት ሦስት ምሽት ሸሚዜን ተኩሼ ከሠራተኞች ጋር «የሙያ ጥናት» እማራለሁ። አንተ የሄድክ ሰሞን መምህርቷ ሱቄ ድረስ መጥታ «እስከ ፈተናው ድረስ ቦታውን ልይዝለት እችላለሁ፤ ግን የሚታደለውን ወረቀት የሚቀበልለት ሰው ያስፈልጋል» አለችኝ። መቀበል ብቻ ከሆነ እኔ አለሁ አልኳት። ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ መነሳት አቃተኝ።

ጓደኞችህ ደህና ናቸው። የአውቶቡስ ሾፌሩ ዛሬም እያንቀላፋ ይማራል፣ ነርሷም ዛሬም በክርኗ ትጎሽመዋለች። አንድ ምሽት ሾፌሩ «ጋሼ፣ እርስዎ በዚህ ዕድሜ ተምረው ምን ሊሆኑ ነው?» አለኝ።

«የተማረ ሬሳ» አልኩት።

ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ዓይኑ ከጎኔ ያለው ወንበር ላይ ሲያርፍ ሳቁን ዋጠው።

እዚያ ወንበር ላይ ማንም አይቀመጥም። ረጅሙ ጓደኛህ እግሩ አልታጠፍ እያለው መተላለፊያው ላይ ዘርግቶ ይማር እንደነበር የነገርከኝ አንተ ነህ። አራት ወር አልፎታል፤ ሰዎቹ ግን እዚያ ጋ ሲደርሱ ዛሬም እግሩን ዞረው ያልፋሉ። ነርሷ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ትሻገራለች። መምህርቷ ወረቀት ስታድል በወዲያ በኩል ትዞራለች። ስለዚህ ነገር አንድም ሰው ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። እኔ በመጀመሪያው ምሽት ሳላውቅ ቀጥ ብዬ ሳልፍ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እግሬን አየ። የሰው እግር የረገጥኩ መሰለኝ። «ይቅርታ» አልኩ፣ ማንን እንደሆነ እንጃ። አሁን እኔም እዞራለሁ።

ቤትም ያው ነው። በግድግዳው ወዲያ ሆነህ «ግብዓት፣ ሂደት፣ ውጤት» እያልክ ጮክ ብለህ ስታጠና፣ እኔ በመዶሻ እጀታ ግድግዳውን እየደበደብኩ «ያንን ድግምት ቀንስ» እልህ አልነበር? መሸት ሲል የስፌት መኪናዎቹን ሳቆም ድምፅህ ይሰማኛል። መዶሻውን አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ብደበድብ ዝም ትላለህ ብዬ እፈራለሁ።

የምትሠሩበት መጋዘን አንተንና ረጅሙን ባንድ ቀን አይለቅም ነበር። ኮሌጁም የሚያስተምረው ሠራተኛ ስለሆነ ፈተናውን በሁለት ሐሙስ ከፍሎ ይሰጣል። የመጀመሪያው ሐሙስ ላንተ፣ ቀጣዩ ለረጅሙ ደረሰ። በፈተናህ ቀን እሱ ያንተን ፈረቃ ሊሸፍን፣ በፈተናው ቀን አንተ የእሱን ልትሸፍን፣ ሱቄ በር ላይ ቆማችሁ ስትስማሙ ሰምቻለሁ።

«በእኔ ቀን አሞኛል ብለህ እንዳትጠፋብኝ» አለህ።

«እግርህን ቤት አስቀምጠህልኝ ትሄዳለህ፤ ያለዚያ የላይኛውን መደርደሪያ ማን ይደርስበታል» አልከው።

እየተሳሳቃችሁ ሄዳችሁ። መደርደሪያው ከነሸክሙ የወደቀበት በመጀመሪያው ሐሙስ ነው፤ አንተ ቆመህ በምትውልበት ቦታ፣ አንተ ፈተና ላይ ሳለህ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ሆነ ንግግርህ። «የትኛው ጥያቄ ላይ ነበርኩ?» ሳህን ስታጥብ፣ ጫማህን ስታስር። «አጎቴ፣ ሲወድቅበት እኔ የትኛውን ጥያቄ እየመለስኩ ነበር?» አንደኛ መውጣትህን ስነግርህ ፊትህን አዞርክ። የረጅሙን ሚስት ከሩቅ ስታይ መንገድ ትቀይር ጀመር። አንድ ቀን የልጇን ቦርሳ ዚፕ ልታስጠግን ሱቄ ስትገባ መጋረጃው ኋላ ተደበቅክ። ዚፑን እስክጨርስ ትንፋሽህን ይዘህ ቆምክ። በማግስቱ አልጋህ ተነጥፎ አንተ አልነበርክም።

ወደ ወደቡ የሚመላለስ አንድ የሲሚንቶ መኪና ሾፌር አይቼዋለሁ አለኝ። እዚያው ወደቡ ላይ ጭነት እያወረደ ነው፣ ከሰው ጋር አያወራም አለ። ይህን ደብዳቤ ነገ የሚያደርስልህ እሱ ነው።

ልጄ፣ ፈተናው በሚቀጥለው ሳምንት ይጀምራል። በዚህኛው ፈተና ያንተ ዙር ሁለተኛው ሐሙስ ነው። ካልመጣህ ስምህ ይሰረዛል። እኔ እንዳልፈተንልህ መልኬ ካንተ ስለሚያምር ወዲያው ይነቁብኛል። ጥፋቱ ያንተ አይደለም ብዬ ደግሜ ብጽፍልህስ? አንዴ ብልህ «አንተ ምን ታውቃለህ» አልከኝ። እውነትህን ነው። ያንን ቃል የመናገር መብት ያላት አንዲት ሰው ናት፤ እሷን ደግሞ

ቆይ፣ በር ተንኳኳ። በዚህ ዝናብ ማን ይመጣል?

የረጅሙ ሚስት ናት። ልጇን ይዛ መጥታለች። ዚፑ ተበላሽቶ ነው ብዬ ቦርሳውን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ፤ ቦርሳ አልያዘችም።

«የእህትዎ ልጅ ያለበትን ያውቃሉ፣ ጋሼ?»

«ሩቅ ነው።»

«ደብዳቤ ይደርሰዋል?»

«ይኸው እየጻፍኩለት ነው።»

«እንግዲያው የእኔንም ይጨምሩልኝ።»

ቁጭ በይ ብላት እምቢ ብላ ቆማ ነው የምታጽፈኝ። ባሏ የከፈለውን የትምህርት ክፍያ ኮሌጁ ለእሷ አዛውሮላት ኖሯል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚማሩት ክፍል ገብታለች። እኔ ማታ፣ እሷ ቅዳሜ፤ ሳንተያይ አንድ ወንበር ላይ ስንፈራረቅ ከርመን ይሆናል። የእሷ ፈተና የመጀመሪያው ሐሙስ ነው። ልጇን የምትተውበት የላትም።

«ባለቤቴ ተራውን ሠርቶለታል» አለች። «እሱ ግን ገና አልመለሰም።»

እጄ ቆመ። «ስለ ፈረቃው ታውቂ ነበር?»

«ጠዋት ሲወጣ ነግሮኛል። ደስ ብሎት ነው የሄደው። ዚፑን ላሠራ በመጣሁ ቀንም ከመጋረጃው ሥር የእህትዎን ልጅ ጫማ አይቻለሁ።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ምን እላለሁ? ተናድጄ ነበር። አሁንም አንዳንድ ቀን ይነሳብኛል። ይቅርታ አድርጌልሃለሁ ብለው አይጻፉበት፣ ጋሼ፤ ለዚያ አልመጣሁም። ሐሙስ ልጄን ይጠብቅልኝ፣ እኔ ልፈተን። ተራው የእሱ ነው። እንደዚያ ብለው ይጻፉ።»

እንደዚያ ብዬ ጻፍኩ። በዕድሜዬ አንድ ቃል ሳልጨምር የሰው ወሬ ሳስተላልፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ልጅቷ የክር ጥቅል ሰጥቻት ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። እግሮቿን እስከ በሩ ዘርግታቸዋለች። የአባቷ እግር ነው። ውሃ ላመጣላቸው ተነስቼ እዚያ ስደርስ እንደለመድኩት በወዲያ በኩል ልዞር ስል ቀና ብላ አየችኝ።

«ይለፉ አባባ» ብላ እግሯን ሰበሰበችልኝ።

ሐሙስ ጠዋት በሩን ገርበብ አድርጌ እተወዋለሁ።

አጎትህ፣ የወንበርህ ጠባቂ