እቅፌና የአብኔር ወንበር

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ልጆቹን ምሳ አብልቼ ሳስተኛ የሕፃናት ማቆያችን ባለቤት እትዬ አበዛሽ መጣች። ልጆቹን ጠዋት ከየቤታቸው የሚያመጣ ሚኒባስ ተከራይታለች። አብራቸው የምትሳፈረው ግን በሕፃናት የመኪና ወንበር አጠቃቀም ሠልጥና ፈተና ያለፈች ብቻ ናት አለች። ለወንበር ሥልጠና? ስንቱን አዝዬ ያሳደግኩ ሴትዮ!

ጭንቁ አብኔር ነው። ዓመት ከመንፈቁ ነው፤ ከእኔ ሌላ ሰው ከነካው ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። እናቱ ሰምሃል፣ አንቺ ካልተሳፈርሽ ሥራዬን እተዋለሁ አለችኝ። ብወድቅስ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ሥልጠናው ድሮ አውሮፕላን የሚያርፍበት ሜዳ ላይ። አሠልጣኙ ወንድይፍራው ይባላል፣ አጭር ነው፣ ድምፁ የሦስት ሰው። ከእቅፍ የሚበልጥ ወንበር የለም አልኩት። አልተከራከረኝም። ልጅ የሚያክል ጀሪካን ውሃ አሳቀፈኝና የሚኒባሳችንን ሹፌር ኤርጎን ንዳ አለው። ቀስ ብሎ ነው የነዳው… ከዚያ ድንገት ፍሬን። ጀሪካኑ ከእቅፌ ወጥቶ የፊት ወንበር ላይ ዘፍ። ውሃው ቀሚሴ ላይ።

በሁለት እጄ ጥርቅም አድርጌ ይዤው ነበር እኮ! አብራኝ የምትሠለጥነው የሥራ ባልደረባዬ ሊድያ እስካሁን ትስቃለች።

አርብ፣ ጥቅምት 15

ፈተና። አሻንጉሊት ወንበሩ ላይ አስቀምጡ ተባልን። ቀበቶው አላስተማመነኝም… ነጠላዬን አውልቄ አሻንጉሊቷን በሱ ጠቀለልኳት፣ ቀበቶውን ከላይ አሰርኩ። እኔ ያዘልኩት ልጅ ወድቆ አያውቅማ። ወንድይፍራው ወንበሩን ዘቀዘቀው። አሻንጉሊቷ ከነነጠላዬ ሹልክ! ቀበቶ ከገላ ተጣብቆ እንጂ በተደረበ ጨርቅ ላይ አይታሰርም አለኝ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አንድ ዕድል ሰጠኝ። ያለ ነጠላ፣ አጥብቄ። ዘቀዘቀው… አልወጣችም። አለፍኩ!

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ሰምሃል አብኔርን በጋቢ ጠቅልላ ወደ ሚኒባሱ አመጣችው። ገፈፍኩት። ልጄን ብርድ ልታስመቺው ነው ብላ ተቆጣች። መጀመሪያ አሰርኩት፣ ከዚያ ጋቢውን ከላይ አለበስኩት። እንዳታስለቅሺው አደራ አለችኝ።

አለቀሰ። እስከ ማቆያው። እኔም ትንሽ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ዛሬ ባሰበት። እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ እሪ… ሊድያ አንሺው አለች። ኤርጎ ራሱ፣ ደረስን እኮ፣ አንሺው በናትሽ አለኝ። የራሴን ቀበቶ ፈትቼ ተነሳሁ። እጄ የአብኔር ቀበቶ መቆለፊያ ላይ ደረሰ… ልፍታው? ያ ጀሪካን ትዝ አለኝና እጄን መለስኩ።

ገና ሳልቀመጥ ወደ ገበያ የሚነዱ ከብቶች መንገዱ ላይ ዘው አሉ። ኤርጎ ፍሬን ያዘ። እኔ በረርኩ! ግንባሬ ከፊት ወንበር ጋር ተላተመ። አብኔር? ካለበት ንቅንቅ የለም። ልቅሶውን አቁሞ አየኝ፣ ከዚያ በሳቅ ፍርስ። ድገሚው ማለቱ ይሆን?

ማታ ሰምሃል ልትወስደው መጣች። አለቀሰ ወይ አለች። ክፉኛ፣ ግን አላነሳሁትም አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። ያኔ ኤርጎ ስለ ከብቶቹ ነገራት። ያበጠ ግንባሬን አየች… አብኔርን አጥብቃ አቀፈችው። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«እትዬ ዘሪቱ» አለችኝ፣ «ነገም ያልቅስ።»