የትህትና የጡት እናት

ሚያዝያ 18

ዛሬም ብርድ። ወደ ሥራ ከተመለስኩ ሳምንት ሆነኝ። ልጄን ትህትናን ለኮከብ ትቼ ስወጣ ከበር ሁለቴ እመለሳለሁ... ደግነቱ ኮከብ ጥሩ ሠራተኛ ናት። ከዳግማይ ትንሣኤ ወዲህ ከሞላሌ ያመጣኋት፣ ዝምተኛ። ሕፃን መያዝ ታውቅበታለች። "ወልደሽ ታውቂያለሽ እንዴ?" ብላት፣ "ልጅ የለኝም እትዬ" አለችኝ። በዚያው ቀረ።

ጡቴ ግን እምቢ ብሏል። የአጃ ሾርባ፣ አብሽ፣ ተልባ... ያልጠጣሁት የለም። ጠብ አይልም። ጡጦም ቢሆን ከኔ እጅ አትወስድ፤ የምታጠጣት ኮከብ ናት። ባለቤቴ ነቢዩ ደብረ ብርሃን ሥልጠና ላይ ሆኖ በደወለ ቁጥር "ልጄ ትጠባለች ወይ?" ይላል። "እንዴት አድርጋ!" እላለሁ። ውሸታም።

ክፍል ውስጥ የፕላዝማው ቴሌቪዥን ስለ ጡንቻ ሲለፈልፍ "ላክቴት" አለ። ያቺ ሯጯ ጥሩሸዋ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ቃሉ ምን ማለት ነው?" ነገ እነግርሻለሁ አልኳት። አላውቀውማ!

ሚያዝያ 19

ቤተ መጻሕፍት ገብቼ መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ። ሥሩ ላቲን ነው፤ ወተት ማለት ነው። መጀመሪያ የተገኘው ከኮመጠጠ ወተት ነው፤ ኋላ በሩጫ በደከመ ጡንቻም ውስጥ ሲገኝ ስሙን እንደያዘ ቀረ። በእንግሊዝኛ ግሥ ሲሆን ደግሞ... ወተት ማውጣት፣ ማጥባት።

የኮመጠጠውን ወተት ነገርኳቸው። ማጥባቱን ዋጥኩት። ለምን? ስልሳ ተማሪ ደረቴን የሚያይብኝ መሰለኝ። የባዮሎጂ አስተማሪ ተብዬ!

ሚያዝያ 25

መብራት ጠፍቶ ፕላዝማው ስለተዘጋ ቶሎ ወጣሁ። የቤቴን በር ስከፍት ኮከብ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ... ልጄ ጡቷን ይዛ! ዓይኗን ጨፍና ትምገዋለች።

ጮህኩ። መንትፌ ወሰድኳት። "ማን ፈቀደልሽ?"

"ስታለቅስብኝ አልቻልኩም እትዬ... የኔዋ በሰሞነ ሕማማት ሞታብኝ..."

አላስጨረስኳትም። ምላሴን በቆረጠው! "በሽታ ቢኖርብሽስ?" አልኳት፣ ጎረቤት እየሰማ። ልጄን አዝዬ፣ እጇን ይዤ በገበያው መሐል እየጎተትኩ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። እንደ ሌባ። መመርመሯ ልክ ነው፣ እሱስ ይሁን። አወሳሰዴ ግን... የትምህርት ቤቱ የፀረ ኤድስ ክበብ ሰብሳቢ እኮ እኔ ነኝ! "ማግለል ይቁም" የሚለውን ጽፌ የሰቀልኩት በዚህ እጄ ነው።

ነፃ ናት። ከኔ ቀድማ ወጣች። ቤት ስደርስ ጨርቄን ማቄን ሳትል ሄዳለች።

ሚያዝያ 26

ጡጦ በጭራሽ። ትተፋዋለች፣ ታለቅሳለች። ለካስ እስከ ዛሬ በጡጦ አልነበረም... "ጉንጯን እዩልኝ!" እያልኩ ለሰው ስኮራበት የኖርኩት የኮከብ ጡት ነው።

ሚያዝያ 28

ወተት በማንኪያ ጠብ ጠብ አደርግላታለሁ። እየከሳች ነው።

አማቴ እማማ የትምወርቅ ከአገራቸው ከቀየት መጡ። ሰው ነግሯቸዋል መሰለኝ። ልጅቷን አዩ፣ እኔን አዩ። አለቀስኩና ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። በጡቴ ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣

"ጡት የእግዜር ነው፤ ይደርቃል" አሉ። "የልጅሽን እናት በገበያ መጎተትሽ ነው ነውሩ።"

"ሠራተኛ እኮ ናት እማማ።"

"ያጠባች እናት ናት። እናት ደግሞ ሰው ተልኮባት አትመጣም። ድንጋይ ተሸክመሽ ሄደሽ ለምኛት።"

እኔ? ድንጋይ? ከነዲፕሎማዬ? ሽማግሌ ልላክ ብላቸው፣ "ስታዋርጃትስ በሽማግሌ ነበር?" አሉኝ።

ግንቦት 1

ልደታ መሆኑን ረስቼው! ሞላሌ ስንደርስ መንደርተኛው በሙሉ ደጅ ወጥቶ ንፍሮውን ከቦ ተቀምጧል። እኔ ድንጋይ በጫንቃዬ ከፊት፣ እማማ ትህትናን አዝለው ከኋላ። ኮከብ አጠገብ ማን ብትቀመጥ ጥሩ ነው? ጥሩሸዋ! ለበዓሉ ቤቷ መጥታ። "ቲቸር?" አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የኮከብ አባት አቶ ወዳጆ ተነሡ። "ምን አጥፍተሽ ነው ልጄ?"

"ኮከብን በድያት ነው አባቴ።" ሁሉን ተናገርኩ። የጡቴን መድረቅ፣ ጤና ጣቢያውን፣ ያቺን ክፉ ቃል ሳይቀር። የሚቀምሰው ሰው ሁሉ እጁን ሰበሰበ።

ኮከብ ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አላለችም። "በሽተኛ ብለሽኛል" አለች። እትዬ የለ፣ ምን የለ።

"ብያለሁ።"

"የኔዋን ቀብሬ ነው የመጣሁት። ለልጅሽ ክፉ የማስብ መሰልኩሽ?"

ድንጋዩ ትከሻዬን ቆረጠኝ። ይኼኔ ትህትና አለቀሰች። የኮከብ ቀሚስ ከደረቷ ላይ ሲርስ ሁላችንም አየን። ነጠላዋን ሳብ አደረገች፣ ደግሞ ተወችው። እንባዋ እየወረደ መጣች። መጀመሪያ ድንጋዩን አወረደችልኝ። "ይቅር ለእግዜር" አለች። ከዚያ ልጅቷን ከእማማ ጀርባ ተቀበለች።

እዚያው ሰው መሐል አጠባቻት። ንፍሮ ዘግነው ሰጡኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

ግንቦት 6

ኮከብ አብራን መጥታለች። አሁን ልብስ የማጥበው እኔ ነኝ፤ እሷ ቆማ "ይሄ አልጠራም" ትለኛለች። ይበለኝ። ነቢዩ ደወለ። "ትጠባለች ወይ?" "አዎ፣ ከኮከብ" አልኩት። "ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዋሸሽኝ?" አለ። ስላፈርኩ፣ አልኩት።

ጥዋት ክፍል ስገባ ጥሩሸዋ አንገቷን ደፍታ ነበር። ለማንም አላወራችም መሰለኝ። ሰሌዳው ላይ "ላክቴት" ብዬ ጻፍኩ። "ባለፈው ግማሹን ነው የነገርኳችሁ" አልኩ። "ማጥባትም ማለት ነው።" ከኋላ የሳቁ ነበሩ። ፊቴ ጋለ... ሐፍረቱ አሁንም አለ፣ የትም አልሄደም። ቢሆንም ቀጠልኩ። "የኔ ጡት ደርቋል። ልጄን የምታጠባልኝ ኮከብ የምትባል የሞላሌ ሴት ናት።"

ሳቁ ሊብስ ሲል ጥሩሸዋ ብድግ አለች።

"አክስቴ ናት" አለች፣ ወደ ኋላ ዞራ። ከዚያ ወደ እኔ። "እንግዲያ ቲቸር፣ ትህትና የአክስቴ ልጅ ናታ!"

"አዎ" አልኳት። "የአክስትሽ ልጅ ናት።"