መኪናዋን ያጠጣኋት ጠበል

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር ፲፭ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ውድ ባሌ ደርቤ፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ታስሮ ያለ ሰው እንዴት ሰነበትክ ይባላል? ዋናውን አስቀድሜ ልንገርህ። ማክሰኞ ጠዋት በመኪናዋ ውስጥ ያገኘኸውን ውሃ የጨመርኩት እኔ ነኝ። እኔ፣ ሚስትህ ጥላነሽ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህን በልቤ ስደጋግመው ቆይቼ፣ አሁን ስጽፈው እንኳ ሌላ ሰው ያደረገው ይመስለኛል።

ያን ጠዋት አስታውስ። የጣሊያን ጭነት የያዙ ሦስት መኪኖች ወደ ደጀን ሊወርዱ ነበር፤ ሦስተኛዋ ያቺ በግድ ያስነዱህ አሮጊት ናት። ቁርስ ልቅመስ ብለህ ደጃችን አቆምካት። «ጣውንትሽን ጠብቂያት፤ እንዳትኮበልል» ብለኸኝ ገባህ። እኔ ግን ልቤ ከቁልቁለቱ ላይ ነበር። ፍሬኗ እንደማይዝ የነገርከኝ ራስህ ነህ። ሰኞ ለሚካኤል በዓል ሄጄ ያመጣሁት ጠበል በቅል ተቀምጦ ነበርና አወጣሁት። ጎማዎቿን ረጨሁ፤ ፊቷን ረጨሁ። ከዚያ ቆም ብዬ አሰብኩ። አባቴ ቤት በሬ ሲታመም ጠበሉን ላዩ ላይ ረጭተን አንተወውም፤ አፉን ከፍተን እናጠጣዋለን። የመኪናዋ አፍ ደግሞ የት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቤንዚን ስታጠጣት ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ክዳኑን ፈታሁ፣ በስመ አብ አልኩ፣ ቅሉን ጠብታ ሳላስቀር ገለበጥኩላት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ደርቤ። ባሌን ለመልአኩ አደራ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር።

ቁርስህን በልተህ ወጣህና አስነሳሃት። አንድ ሁለቴ አሳላትና ጸጥ አለች። ከዚያ ወዲያ ያንን ከፊቷ የሚገባውን የብረት ማንቬላ ብታዞረው፣ ብታዞረው፣ ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሳም። የሁለተኛዋ መኪና ሾፌር አለበል ወርዶ መጣ፤ ባልንጀራህ አይደል።

«ቤንዚን አላት?» አለህ።

«ትናንት ሞልቻታለሁ» አልክና እንጨት ሰደህ አወጣኸው። እንጨቱ ርሶ ወጣ።

«እሳትስ ትሰጣለች?»

እሳት የምትጭረውን ካንዴላዋን ፈተህ ከብረቱ ጋር አስጠጋሃት፤ አለበል ማንቬላውን ሲያዞር ሰማያዊ ብልጭታ ዘለለ። ሁለታችሁም ተያያችሁ። «እሳት አላት፣ ቤንዚን አላት፣ ትንፋሿም አልተዘጋም። ታዲያ ምን ሆነች?» አልክ። እኔም ከበሩ ቆሜ ምን ሆነች እላለሁ። ጠበሉ ትዝ እንኳ አላለኝም። ጠበል ያድናል እንጂ ያሳምማል ብሎ የሚያስብ ማን አለ?

የአጀቡ ሹም ሰዓቱን እያየ ጮኸ። አስተርጓሚው አቶ አስማማው፣ «ሁለቱ ይሂዱ፤ ይቺ ስትነሳ ትከተል ብለዋል» አለ። አለበል እጁን በሱሪው እየጠረገ፣ «ደጀን ላይ ምሳ ይዤ እጠብቅሃለሁ። አሮጊቷን አትቆጣት፤ ለምናት» ብሎህ ሄደ። እኔንም «ደህና ዋይ ጥላዬ» አለኝ። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከዚያ «ብርሌ አምጪልኝ» አልከኝ። የቤንዚኑን ቀጭን ቧንቧ ፈተህ ብርሌው ውስጥ አንጠባጠብክና ወደ ፀሐይ አነሳኸው። ላዩ ቢጫ፣ ታቹ እንደ ምንጭ የጠራ። «ውሃ!» አልክ። በሽታዋን ስላገኘህላት ደስ ብሎህ ነበር። «የክረምቱ ዝናብ ሰርጎ ነው» አልከው ለአቶ አስማማው። እኔ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ወዲያው ነው የገባኝ።

ለምን እንዳልተናገርኩ ታውቃለህ? አፈርኩ። ያን ሰዓት የምፈራው ሌላ ነገር አልነበረም፤ የአንተን ሳቅ ነበር። ሚስቴ ለሞተር ጠበል አጠጣችው እያልክ ዓመቱን ሙሉ ስታስቅብኝ ታየኝ። ማታ እነግረዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ። አንዲት ቃል ነበረች፣ ደርቤ። ከዚያ በኋላ ይህችን ቃል የሚቀበለኝ ጠፋ።

ቤንዚኗን አፈሰስክ፣ ቧንቧውን ነፋህ፣ ካንዴላዎቹን እያበስክ ፀሐይ ላይ አሰጣህ። ሰባት ሰዓት ሲሆን ሞተሩ ተነስቶ ጮኸ፤ ጎረቤቱ እልል አለ። መሪው ላይ ስትወጣ የጣሊያን ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ እየሮጡ መጡ። ከደጀን ወዲህ ባለው ጠመዝማዛ ሁለቱ መኪኖች ተቃጥለዋል፤ አርበኞች ጠብቀዋቸው አንድም የተረፈ የለም አሉ። እኔ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተ ቀረህ» ብዬ አፌን ስከፍት እነሱ ከመሪው ጎትተው አወረዱህ። ሞተሩን የሚያጠፋው ሰው አልነበረም። ተመልሰው እስኪወስዷት ድረስ ያቺ አልነሳም ያለች መኪና ደጃችን ላይ ስትንደቀደቅ ዋለች። አጠገቧ ቆሜ ነበር። ማልቀስ እንኳ አልመጣልኝም።

በነጋታው የአለበል ሚስት ማንጠግቦሽ ፀጉሯን ተላጭታ መጣች። ነገርኳት፤ ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና፣ «አንድ ቅል ነበር ያለሽ? ለአለበል ጠብታ አላስተረፍሽለትም?» አለችኝ። የገደለው የወገን ጥይት ነው፤ በግድ የሚነዳ ሰው መሆኑን ጥይቱ በምን ያውቃል? ትረግመኛለች ብዬ ስጠብቅ አጠገቤ ተቀመጠች። እስካሁንም አልሄደችም። ይህ ወረቀት የተደበቀበትን ቂጣ የምታደርስልህ እሷ ናት።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ የጣሊያኑ ጦር ሰፈር አዛዥ ዘንድ ሄድኩ። እውነቱን ነገርኩት፤ አቶ አስማማው ቃል በቃል አስተረጎመልኝ። አዛዡ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ወዲያው ደግሞ ፊቱ ጠቆረና እንዲህ አለ፦ «ባልሽ የክረምት ዝናብ ነው ይላል፤ ዝናብ ከቆመ ወር አልፎታል። አንቺ ጠበል ትያለሽ። መኪናዋ በዚያች ቀን፣ በዚያች ሰዓት ብቻ አልነሳም ያለችው ወሬ ደርሶት ስለሆነ ነው። ቅዳሜ በገበያው ፊት ይሰቀላል።»

አቶ አስማማው ወደ በሩ ሲሸኘኝ ቀስ ብሎ፣ «እህቴ፣ ይህ ሰው የሚፈልገው ሰላይ ነው፤ አንቺ ያመጣሽለት ጠበል ነው» አለኝ።

«እውነቱ ያው ነው፣ ጌታዬ፤ ሌላ ከየት ላምጣለት?» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። ዓይኔን ማየት አልቻለም።

ስለዚህ ነገ ዓርብ ጠዋት ተመልሼ እሄዳለሁ፤ የሚፈልገውን ይዤለት እሄዳለሁ። ከአርበኞቹ ጋር የምላላክ እኔ ነኝ፣ መኪኖቹ የሚወርዱበትን ቀን የነገርኳቸው እኔ ነኝ፣ ባሌን ለማስቀረት ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ምንም አያውቅም እለዋለሁ። ስም ጥሪ ቢለኝ የሞቱትን እጠራለታለሁ። ይህን ያምነኛል፤ ከአሁኑ ዓይኑ ሲበራ ይታየኛል። እውነት ያሳቀው ሰው ለውሸት እንዲህ ይጓጓል ብሎ ማን ያስባል?

አንድ ነገር ብቻ አስፈራኝ። አንተም ታምነዋለህ ብዬ። ሚስቴ ሞት እንደሚጠብቀው እያወቀች አለበልን ደህና ዋል ብላ ሸኘችው ብለህ እንዳትኖር ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። አላውቅም ነበር። በሚካኤል ስም፣ ከበሬው አፍ በቀር ያሰብኩት ነገር አልነበረም። አንተ ብቻ እወቅልኝ፤ ሌላው ያሻውን ይበል።

ሥራነሽን ዲማ እናቴ ዘንድ ልኬያታለሁ። ስትፈታ እዚህ አትቆይ፤ እኔን ፍለጋም አትዙር፤ በቀጥታ ወደ ልጅህ ሂድ። ጡት ካስጣልናት ወዲህ ካለ አንተ የሚያስተኛት የለም። ቂጣው የጾም ነው፤ ነቢያት ዛሬ ገብቷል፣ እዚያ ውስጥ ቀን ጠፍቶህ እንደሆነ። ወረቀቷን አንብበህ ስትጨርስ አብረህ ብላት፤ አንድ ፊደል እንዳታስቀር።

ነገ ፊት ለፊት ያቆሙናል። «ሚስትህ ይህን አድርጋለች?» ብለው ይጠይቁሃል። አውቅሃለሁ፤ «ውሸቷን ነው» ልትል አፍህ ይቸኩላል። እባክህ አትበል። ያን ካልክ ቅዳሜ ሁለታችንንም ነው፤ ሥራነሽም የማንም አትሆንም። ፊቴን አትየኝ። መሬት መሬት እያየህ «ይቺን ሴት አላውቃትም፤ ልቧ ከእኔ ጋር አልነበረም» በላቸው።

ደርቤ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ካደኝ።

ሚስትህ
ጥላነሽ