በራሷ ፈቃድ

ውድ የእህቴ ልጅ፣

ማይክራፎን አልነጠቅሁም። ዛሬ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ብገባ ባለሱቁ፣ «እትዬ፣ ቅዳሜ ወላጆች ስብሰባ ላይ ከዳይሬክተሩ እጅ ማይክ ነጠቁ አሉ፤ ጉልበትዎ ገና ነው ማለት ነው» ብሎ ሳቀ። ወሬው እሱ ዘንድ እስኪደርስ ስንት ቤት እንደዞረ አላውቅም። አንተ ግን እዚያው ነበርክና እውነቱ በጽሑፍ ይቀመጥ። ጥያቄ ያለው ካለ ተባለ፤ እጄን አወጣሁ፤ የፊዚክስ መምህሩ ማይኩን በሁለት እጁ አቀበለኝ። አንድ ጥያቄ ጠይቄ መልሼ ሰጠሁት። አልጮህኩም፤ ማንንም አልተሳደብኩም።

የዳይሬክተርነት ሪፖርትህን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰምቼዋለሁ። ስለ አዲሱ ቤተ ሙከራ፣ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ስላመጣው ዋንጫ፣ በሚቀጥለው ወር ስለሚከፈተው የሳይንስ ዐውደ ርዕይ ተናገርክ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚከበረውን የትምህርት ቤቱን ሃምሳኛ ዓመትም፣ በዚያ ዕለት ለእኔ የምትሰጠኝን ሜዳሊያም አነሳህ። በመጨረሻ ድምፅህን ከፍ አድርገህ፣ «አምና ለመልቀቂያ ፈተና ያስቀመጥናቸው መቶ አስራ ዘጠኝ ተማሪዎች አንድም ሳይቀር አለፉ» አልክ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም ላጨበጭብ እጄን አንስቼ ነበር፤ ልማድ ነው።

የጠየቅሁት ይህን ነው፦ «በዓመቱ መጀመሪያ የተመዘገቡት መቶ አርባ አንድ ነበሩ። ሃያ ሁለቱ የት ሄዱ?» ቁጥሩን ከየትም አልሰረቅሁም። ራስህ ባሳተምከው የአምና መጽሔት፣ ገጽ ሦስት ላይ አለ።

አንተ ፈገግ አልክ። «ወላጆች፣ አክስቴን ይቅርታ አድርጉላቸው። ዕድሜ ነው፤ አንዳንዴ ነገር ይምታታባቸዋል» አልክ። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ በትሕትና ሳቀ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ክንዴን ይዛ፣ «አይዞዎት እማማ፣ ውሃ ላምጣልዎት?» አለችኝ። እውነት ነው፣ መነጽሬን የት እንዳስቀመጥኩ እረሳለሁ። ባለፈው ሳምንት ወጡ ላይ ጨው ሁለት ጊዜ ጨምሬያለሁ። ሮስተር ግን አልረሳም። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ ትምህርት ቤት ሪከርድ ክፍል ተቀምጬ የያንዳንዱን ልጅ ስም በእጄ ጽፌያለሁ፤ አንተም ታውቃለህ፤ የቤት ሥራህን የሠራኸው እዚያው ጠረጴዛዬ ሥር ተቀምጠህ ነው።

ለምን እንደጠየቅሁ ልንገርህ። አርብ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ቤቴ መጣች። ከፋርማሲው ደጃፍ ማሽኗን ዘርግታ ዚፕ የምትቀይረዋ፣ በመኪና ስታልፍ መስኮት የምትዘጋባት። አብራችሁ ተምራችኋል፤ አሥራ አንደኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነበራችሁ። ልጇ አንተ ጋ ነው የምትማረው። የዘንድሮው መጽሔት ሽፋን ላይ ዋንጫውን ከራሷ በላይ ያነሳችው አምበል እሷ ናት። መጽሔቱ ሰኞ ታተመ፤ ልጅቷ ሐሙስ መሸኛ ተሰጣት። ፊዚክስ አርባ ሁለት አግኝታለች አሉ።

ልብስ ሰፊዋ ከፌስታል ሁለት ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች። አንዱ አዲስ ነው፤ የልጇ። ሌላው በእጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል፤ የራሷ፣ የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት የተሰጣት።

«እትዬ፣ እርስዎ የትምህርት ቤት ሰው ነዎት፤ ይዩልኝ» አለች።

«ማንበብ ትችያለሽ እኮ።»

«አንብቤዋለሁ። ቃል በቃል አንድ ነው። ‹በራሷ ፈቃድ ትምህርቷን በሌላ ትምህርት ቤት ለመቀጠል ስለጠየቀች›። እኔ በፈቃዴ አልወጣሁም። ልጄም ስታለቅስ አድራ ዓይኗ አብጦ ተኝታለች። ይሄ ፈቃድ የማን ነው?»

እኔ ምን እንዳልኳት ታውቃለህ? «ሻይ ልጨምርልሽ?» አልኳት።

«ይጨምሩልኝ» አለች። ጠጥታ፣ ብርጭቆውን አጥባ፣ ወረቀቶቹን እኔ ጋ ትታ ሄደች። ቅዳሜ እጄን ያወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ለማንም ያልተናገርኩትን ልጻፍልህ። እናትህ ባረፈች በአራተኛው ዓመት፣ አንተ ለፈተና በምትዘጋጅበት ጊዜ፣ «ብረቱ» የምንላቸው ዳይሬክተር ክፍሌ ገብተው አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። የአሥራ አንድ ተማሪ ስም ነበረበት። «እነዚህ መውደቃቸው አይቀርም። ወድቀው ስማችንን ከሚያጠፉ ይሸኙ» አሉ።

«ምክንያቱን ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ብዕር ይታዘዝልሻል አይደል? ማንም የማይከራከርበትን ጻፊ።»

ጻፍኩ። ልብስ ሰፊዋ በቃሏ የምታውቀው ዓረፍተ ነገር የእኔ ነው። ሁለት ጊዜ አርቅቄ፣ በሦስተኛው አምሮልኝ ኮርቼበት ነበር። ጸሐፊህ ስምና ቀን እየቀየረች ዛሬም ታትመዋለች፤ ማን እንደጻፈው የሚያውቅ በሕይወት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

በብረቱ ዝርዝር ላይ ሰባተኛው ስም ያንተ ነበር።

እናትህ እጄን ይዛ አደራ ያለችኝ አንተን ነው። ዝርዝሩን በአሥር ስም አድርጌ እንደገና በታይፕ መታሁት፤ ብረቱ ሳይቆጥሩ ፈረሙ። አሥሩ ተሸኙ። አንተ ተፈትነህ በሁለት ነጥብ አለፍክ። ውጤቱን ይዘህ ስትመጣ፣ «እትዬ፣ ይሄ የልፋቴ ነው» አልከኝ፤ እኔም «አዎ፣ የልፋትህ ነው» አልኩህ። ከአሥሩ ስንቱ በሁለት ነጥብ ያልፉ እንደነበር ማንም አያውቅም። እንዳይታወቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊዋ ዘጠነኛዋ ነበረች።

እንግዲህ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጬ አይደለም የምፈርድብህ። ግን እኔ ያን ሥራ ስሠራ በሩን ዘግቼ ነበር። አንተ አዳራሽ ሙሉ ሰው ታስጨበጭብበታለህ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እኔን ጃጀች ማለትህ አይደለም። ካንተ በቀር ማንም ልጅ ያላገኘውን ዕድል አግኝተህ፣ በማን ምክንያት እንዳገኘኸው አንድም ቀን አለመጠየቅህ ነው። አለመንገሬ ደግሞ የእኔ ጥፋት ነው፤ አልክድም።

የፈተናው ምዝገባ ነገ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። የልጅቷ ስም ይግባ። አርባ ሁለት ያገኘ ሰው መፈተን ይችላል፤ አንተ ሠላሳ ስምንት ነበርክ። ብትወድቅም ውድቀቱ የራሷ ይሁን። ሌሎቹም ዘንድሮ መሸኛ የሰጠሃቸው ልጆች ቤታቸው ሩቅ አይደለም፤ አስጠራቸው።

ሜዳሊያውን አልቀበልም። በበዓሉ ቀን ግን እመጣለሁ፤ ማይኩንም እንደ ቅዳሜው በሰላም ያቀብሉኛል። የአሥሩን ስም በቃሌ አውቀዋለሁ። ማስፈራሪያ እንዳይመስልህ፤ የልጅቷ ስም ቢገባም ባይገባም እጠራዋለሁ። አሥራ አንደኛውን፣ ያንተን፣ አንተ ራስህ ብትናገረው ይሻላል።

ነገ ከሁሉ በፊት የማደርገውን ልጻፍልህ፣ በድንገት እንዳይሆንብህ። በአንድ ሰዓት ጥቁሩን ጫማዬን እወለውላለሁ። ሁለቱን መሸኛዎችና መነጽሬን በአንድ ፖስታ ከትቼ እይዛለሁ። በሁለት ሰዓት ከልጅቷ ጋር በራችሁ ላይ እገኛለሁ። ዘበኛው ያውቀኛል፤ እንዳያስገባኝ ታዞ እንደሆነ ወንበሩን አይነፍገኝም፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚያው እቀመጣለሁ። ስመለስ ፋርማሲው ደጃፍ ቆሜ፣ ያን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ መሆኔን፣ ከዝርዝሩም ማንን እንዳወጣሁ ለልብስ ሰፊዋ እነግራታለሁ።

ለእሷ መንገሬን መጨረሻ ላይ ጻፍኩት። እኛ ስንማር፣ ገጽ ላይ አንድ ስርዝ ከተገኘ ገጹን በሙሉ እንደገና እንድንጽፍ ያደርጉን ነበር፤ ስለዚህ አልሰርዝም። ቅደም ተከተሉ ግን ስህተት ነው። እሷ ማሽኗን የምታወጣው ከጠዋቱ በአሥራ ሁለት ተኩል ነው። ጫማዬን ሳልወለውል መጀመሪያ ወደ እሷ እሄዳለሁ።

አክስትህ፣
የቀድሞዋ የሪከርድ ክፍል ሠራተኛ