የእናትሽ አርባኛ ደረጃ

ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽን የሚያምሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? ባልሽ ደህና ነው? ትንሿ ጥርስ አወጣች ብለሽኝ ነበር፤ እስካሁን ሰው መንከስ ሳትጀምር አትቀርም። እኔ ጉልበቴን ካልቆጠርሽው ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው፤ ባዶው የእናትሽ ጎን ብቻ ነው። በስልክ ማውራት እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ይህን ነገር በስልክ ብጀምረው ደግሞ ድምፄ አያስጨርሰኝም።

እናትሽ ካረፈች በኋላ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስትሄጂ የተውሽላትን፣ በእጅ የሚያዘውን ባለ ስክሪን የጌም መጫወቻ። «አባዬ፣ እንዳለ ጠቅልለህ ላክልኝ፤ ምንም እንዳትነካ» አልሽኝ። እኔ ግን ነካሁት።

ሠላሳ አራት ዓመት የስልክ ምሰሶ ላይ ስወጣ መስመሩን ሳልፈትሽ አንድም ቀን ወርጄ አላውቅም። ያልፈተሽሁት ዕቃ ከእጄ አይወጣም። ስለዚህ ይሠራል አይሠራም ብዬ ከፈትሁት። ሦስት መስመር ጽሑፍ መጣ፤ ከላይኛው አጠገብ አርባ ቁጥር አለ። እኔ ራሴን በራሴ ማንበብ ያስተማርሁት በእኛው ፊደል ነው፤ የመሣሪያውን የፈረንጅ ፊደል አላውቅም። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ታውቃለች፤ ግድግዳውን ማንኳኳት ይበቃኝ ነበር። አላንኳኳሁም። መቼ ሰው ጠይቄ አውቃለሁ? ላይኛውን ስጫነው መሣሪያው አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ እሺ እንደማለት ትልቁን ቁልፍ ተጫንሁ። ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሜ ተጫንሁ። አርባው ጠፍቶ አንድ ሆነ።

ልብስ ሰፊዋ ኋላ መጥታ ስታየው እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ጋሼ፣ እሷን እኮ አጠፏት!» አለችኝ። አንቺ የምታውቂውን እኔ ያን ቀን ሰማሁ። እናትሽ በጨዋታው አርባኛ ደረጃ ላይ አንድ ዓመት ሙሉ ቆማ ኖሯል። የመጨረሻውን፣ አርባ አንደኛውን፣ ልጄ ስትመጣ አብረን እንወጣዋለን ብላ ሳትነካው ቀረች። እኔ የሥራ ፈት መጫወቻ ብዬ ስለሰደብሁት ከዱቄቱ ጣሳ ኋላ ትደብቀው ነበር። ቁልፉ ጠቅ ጠቅ ሲል በበሩ በኩል እሰማዋለሁ። ስገባ ትሸሽገዋለች፤ እኔም ያላየሁ እመስላለሁ። አንድ ቀን «የት ደረስሽ?» ብላት ምን ነበረበት? አላልኋትም።

ባዶውን ልልክልሽ ስላልቻልሁ፣ እሷ የነበረችበት ላደርሰው ከአንድ ጀመርሁ። ጠዋት ጠዋት መስኮቷ ሥር እቀመጣለሁ። አንዲት ጣት የማታክል ሰው ከጥልቅ ጉድጓድ በገመድ እየተወዛወዘች ትወጣለች፤ ድንጋይ ትገፋለች፣ በሩን የሚከፍተውን ትፈልጋለች። እንቆቅልሹ አላስቸገረኝም፤ መውጣት ሥራዬ ነበር። በሁለት ወር ሃያ ሁለት ደረጃ ወጣሁ። ሃያ ሦስተኛው ላይ ግን ሁለት ገመዶች አሉ፤ አንዱ ከአንዱ አይደርስም። የያዝሽውን ለቀሽ፣ አየር ላይ ሳለሽ ነው ሌላውን የምትይዥው። እኛ ምሰሶ መውጣት ስንማር መጀመሪያ የተነገረን አንዱ እጅ ሳይጨብጥ ሌላው እንዳይለቅ ነው። አውራ ጣቴ እንቢ አለኝ። ገመዱ ሲሄድ አብሬው እሄዳለሁ፣ ሲመለስ አብሬው እመለሳለሁ። ይኸው አሥራ ሁለት ቀኔ። ልብስ ሰፊዋ ከጀርባዬ ቆማ «ይልቀቁት እንጂ ጋሼ! እሷ እኮ እዚህ ጋ ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትዘለው» ብላ ሳቀችብኝ፤ ሳቋን ሳትጨርስ ፊቷን አዙራ ወጣች። በማግስቱ ላሳልፍዎት አለችኝ። እንቢ አልኋት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ የምመልሰውም እኔ ነኝ።

ልጄ፣ ስትሄጂ «ይህን ደጃፍ ከተሻገርሽ ተመልሰሽ እንዳትመጪ» ያልሁሽን አልረሳሁትም። እናትሽ ግን አንድ ደረጃ አስቀርታ ትጠብቅሽ ነበር። ይቅርታ የሚለውን ቃል አፌ አልለመደውም፤ እጄ ይጻፈው። ይቅርታ አድርጊልኝ።

አሁን ደግሞ ልጠይቅሽ። ሃያ ሦስተኛው ላይ ገመዱ የሚለቀቀው ወደ ላይ ሲሄድ ነው ወይስ ሊመለስ ሲል? ጻፊልኝ። አርባ ስደርስ እቆማለሁ። መጫወቻውን ግን በፖስታ አልልከውም። አርባ አንደኛውን እዚሁ መጥተሽ ትወጪዋለሽ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ፎቶው ላይ ከስቷል፣ ይብላ። አማትሽን ስለ ልቅሶው ደብዳቤያቸው እግዜር ይስጥልኝ በያቸው። ልብስ ሰፊዋ ለሁላችሁም ሰላም ብላለች። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። አያትሽ ምሰሶ ላይ ይወጣ ነበር በያት፤ አሁን ሃያ ሦስት ላይ ተንጠልጥሏል ግን አትበያት።

አባትሽ
ከእናትሽ መስኮት ሥር
የካቲት 9 ቀን